የዘር መድኃኒትና የቅጠል መድኃኒት፦ የፌጦ፣ የሰናፍጭና የጅረት ዳር ዘመዳቸው ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። ፌጦ፣ ሰናፍጭ፣ ጎመን ዘርና በጅረት ዳር የሚበቅለው የዱር ዘመዳቸው ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁሉም ምላስን ያቃጥላሉ፣ አፍንጫን ይሰነፍጣሉ፣ በየአገሩም ለመድኃኒትነት ውለዋል። አውሮፓውያን ከዚህ ቤተሰብ ለመድኃኒት አስቀድመው የያዙት ከውሃ ውስጥ የሚለቀም እርጥብ ቅጠል ነበር። የእኛ እናቶች ግን የያዙት ደረቅ ዘር ነው። ለምን? ይህ ልዩነት ከአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። የእርሻን፣ የገበያንና የውሃን ታሪክ በውስጡ ይዟል። ዛሬ ስለ ባህላዊ ሕክምና ስንከራከር ከምናስበው በላይም ይነካናል።

ጥያቄውን በዚህ በተክለ ሃይማኖት ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ በኩል የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የሕክምና ትምህርት ተቋማት አሉ። በሌላ በኩል መርካቶ አለ። ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ጥቂት በእግር ብንጓዝ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አጠገብ ለአጠገብ የዘረጉ ሴቶችን እናገኛለን። በዚህች አጭር መንገድ ሁለት የሕክምና እውቀቶች በየቀኑ ይተላለፋሉ፤ ሰላምታ ሲለዋወጡ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም።

በቅድሚያ ስለ ዱሩ ተክል ልናገር። በእንግሊዝ አገር ዋተርክረስ ይሉታል፤ እኔ ለዚህ ንግግር የውሃ ፌጦ እለዋለሁ። ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ በሚፈስበት ቦታ ይበቅላል። ግንዱ ባዶና ለስላሳ ነው፤ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ከየአንጓው ሥር ይሰዳል። አበባው ነጭና ባለ አራት ቅጠል ነው። ቤተሰቡ ሁሉ የሚታወቀው በእነዚህ በመስቀል ቅርጽ በተደረደሩ አራት የአበባ ቅጠሎች ነው። ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ከሌሎች ዘመዶቹ ጋር መዝግቦታል። የላቲን ስሙ ናስተርቲየም ሲሆን ጥንታውያኑ ሮማውያን ትርጉሙን «አፍንጫ የሚያጣምም» ብለው ያብራሩት ነበር። ሰናፍጭ ቀምሶ ዓይኑ ያላነባ ሰው ከሌለ፣ ይህን ስያሜ የሚያስረዳው አስተማሪ የሚያሻው ሰውም አይኖርም። ተክሉ በአገራችን ደጋ ጅረቶችም ይገኛል። «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት» በተሰኘው ታላቅ መዝገብ ውስጥ የጎመን ቤተሰብን ክፍል ያዘጋጀው ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቤንግት ዮንሴል ነው፤ ክፍሉም እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል።

ማቃጠሉ ከየት ይመጣል? በዚህ ቤተሰብ ተክሎች ህዋሳት ውስጥ ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ፣ ድኝን የያዙ ውሁዶች አሉ። ከእነርሱ ተለይቶ በሌላ ህዋስ ውስጥ ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይቀመጣል። ተክሉ ሳይነካ እስካለ ድረስ ሁለቱ አይገናኙም፤ ሽታም ቃጠሎም የለም። ቅጠሉ ሲታኘክ ወይም ዘሩ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ግን ይገናኙና የሚሰነፍጠው ንጥረ ነገር በዚያች ቅጽበት ይፈጠራል። ይህ የተክሉ መከላከያ ነው፤ ነፍሳትን ያባርርበታል። ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያንም አይወዱትም። በፌጦ ውስጥ ያለው ዋነኛው ውሁድ ግሉኮትሮፔኦሊን፣ በሰናፍጭና በጎመን ዘር ውስጥ ያለው ሲኒግሪን፣ በውሃ ፌጦ ውስጥ ያለው ግሉኮናስተርቲን ይባላል። ስሞቹ ይለያያሉ፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው።

ይህን በአእምሯችሁ ያዙልኝና ወደ ቤታችን ጓዳ ልመልሳችሁ። ፌጦ ለሆድ ሕመም ሲዘጋጅ ጥሬውን ይወቀጣል፣ በውሃ ወይም በሎሚ ይለወሳል፣ ሳይቆይም ይወሰዳል። አስቀድሞ አይቀቀልም፤ ተወቅጦ ለሳምንትም አይቀመጥም። ኢንዛይሙ በእሳት እንደሚሞት፣ የሚሰነፍጠው ንጥረ ነገርም እየተነነ እንደሚጠፋ ላብራቶሪው ዛሬ ይነግረናል። የአዘገጃጀቱ ሥርዓት ግን ያንን ውጤት ከላብራቶሪው በፊት በእጅ ልማድ አስገኝቶታል። «ባህላዊ መድኃኒት መጠንና ዘዴ የለውም» ለሚሉ ባልደረቦቼ ይህን ምሳሌ ደጋግሜ አነሳለሁ። መጠኑን ልንከራከርበት እንችላለን፤ ዘዴ ግን አለው።

አሁን ወደ አውሮፓው ታሪክ እናምራ። ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፋርሱ ንጉሥ ስለ ቂሮስ አስተዳደግ በጻፈው መጽሐፍ የፋርስ ልጆች ወደ ትምህርት ሲሄዱ ከቤታቸው የሚይዙት ዳቦና ካርዳሞን እንደነበር ይነግረናል። ሊቃውንት ይህን ካርዳሞን ከፌጦ ጋር አንድ ያደርጉታል። የፋርስ ተማሪ ምሳ ከእኛ የጾም ፌጦ ፍትፍት ብዙም አይርቅም ማለት ነው። ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ስንሄድ ግን ዘሩ እየራቀ ቅጠሉ ይነግሣል። በረጅሙ ክረምት ትኩስ አትክልት የሚያጣው የሰሜን አውሮፓ ሰው፣ በፀደይ መጀመሪያ ከጅረት ዳር የሚለቅመው የውሃ ፌጦ ድዱን ከመድማት ያድነው ነበር። በባሕር ዳር ረግረግ የሚበቅል ኮክሌሪያ የተባለ ሌላ የቤተሰቡ አባልም ለመርከበኞች ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጥቷል። ምስጢሩ ቫይታሚን ሲ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1808 ዊልያም ብራድበሪ የተባለ እንግሊዛዊ በኬንት ግዛት ስፕሪንግሄድ በተባለ ስፍራ የውሃ ፌጦን ለገበያ ማልማት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የዱሩ ቅጠል የለንደን ድሆች የዳቦ ማባያ ሆነ። ሄንሪ ሜይሂው ስለ ለንደን ሠራተኞችና ድሆች ባዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1851 በታተመው ታዋቂ ሥራው የውሃ ፌጦ የምትሸጥ የስምንት ዓመት ልጅ አነጋግሯል። ያቺ ልጅ ማለዳ ተነስታ ቅጠሉን በጅምላ ትገዛለች፣ በየእስሩ ትለያለች፣ እየዞረች ትሸጣለች። ሜይሂውን ሳነብ ትዝ የሚለኝ መርካቶ ነው። ልዩነቱ የልጅቱ ሸቀጥ በማግሥቱ የሚጠወልግ መሆኑ ነው፤ የመርካቶዋ ሴት ፌጦ ግን ዓመት ይቆይላታል።

እዚህ ላይ የጥያቄያችን ግማሽ መልስ ብቅ ይላል። ቅጠል ከውሃው አይርቅም። ዘር ግን ይጓዛል፣ ይከማቻል፣ በእፍኝ ይሰፈራል፣ በጨርቅ ይቋጠራል። ሁለት የዝናብ ወራትና ረጅም በጋ ባለበት፣ ገበያው በሳምንት አንዴ በሚቆምበት፣ መንገዱ በበቅሎ በሚቆረጥበት አገር ለቤት መድኃኒትነት የሚመረጠው የሚቀመጠው ነው። በቀይ ባሕር ማዶም ያው ነው። ዐረቦች ፌጦን ሐብ አር-ረሻድ ብለው በሽታ ላዳከመውና ለወለደች ሴት ያዘጋጁታል፤ በህንድም ለአራስ ይሰጣል። ዘሩ በዚህ ሁሉ አገር ተመሳሳይ ሥራ ይዞ መገኘቱ የጥንት የንግድ መንገዶችን ያስታውሰኛል። ሩሲያዊው የእርሻ ሳይንስ ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ ሲመድብ፣ ከማዕከሉ ሰብሎች መካከል ፌጦን ቆጥሮታል።

የጎመን ዘር ነገር ደግሞ ለብቻው ንግግር የሚገባው ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረው የኮሪያ ተወላጁ ዉ ጃንግ-ቹን እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት፣ የእኛው የሐበሻ ጎመን የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው የተወለደ መሆኑን በክሮሞሶም ቆጠራ አሳይቷል፤ ስምንትና ዘጠኝ ተደምረው አሥራ ሰባት። ባለ እንጀራ ምጣድዋ ሴት ምጣዷን በጎመን ዘር ስታሰስ በእጇ የያዘችው የዚህን ድቅል ዘር ነው።

ወደ ፌጦ እንመለስ። በአገራችን ፌጦ ለሆድ ቁርጠት፣ ለተቅማጥና በተለምዶ አሜባ ለምንለው ሕመም ይወሰዳል። ተለውሶ ለቆዳ ቁስልና ለእከክ ይቀባል። ከብት ሲታመምም ይጋታል። ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሆኖ ደግሞ ለቡዳ መከላከያ ይያዛል። የመጨረሻውን ሰምታችሁ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ ይሁን። የታሪክ ተማሪ ግን የሆድ ቁርጠቱን «ሳይንስ»፣ ቡዳውን «አጉል እምነት» ብሎ በሁለት ቅርጫት ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። ለተጠቃሚዋ ሁለቱ አንድ ሐሳብ ነበሩ፦ የሚሰነፍጥ ነገር ክፉውን ያባርራል። ክፉው ትል ይሁን ዓይን፣ ማባረሪያው ያው ሽታ ነው።

የጽሑፍ ቅርሳችን ይህን እውቀት እንዴት ያዘው? ደብተራዎች የጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ከብራና ወደ ብራና ሲገለበጡ ኖረዋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪስ አሳትሟል። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ደግሞ የኢትዮጵያን የሕክምና ድርሳናትና የዕፅዋት ስሞች በሁለት ጥራዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1968ና በ1973፣ አቅርቦልናል። በእነዚህ ድርሳናት ተክሉ በአብዛኛው በስሙ ብቻ ይጠራል፤ ሥዕል የለም፣ የቅጠሉ ቅርጽ አይተነተንም። አንባቢው ተክሉን ያውቀዋል ተብሎ ይታሰባል። ያሳወቀው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከብራናው ውጭ ነው፤ እናቱ ናት። ደብተራው ሥር የሚቆፍርበትን ቀንና የሚደግመውን ቃል በምስጢር ይይዝ ነበር። ፌጦ ግን ምስጢር ሆኖ አያውቅም። ጓሮ ያላት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፣ ለጎረቤት ትሰጠዋለች፣ ዋጋ አትጠይቅበትም።

ይህ ግልጽነት ለፌጦ በጎም ክፉም አምጥቶበታል። «ፌጦ መድኃኒት ነው ቢሏት፣ በጓሮዬ ሞልቶ የለ ብላ ናቀችው» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚተረተው የቅርቡን ስለሚንቅ ሰው ነው። እኔ ግን ከዚህ ጠንከር ያለ ታሪካዊ ምስክርነት አይበታለሁ። ምስጢር የሆነው እውቀት ተከበረ፣ ተጻፈ፣ ፈረንጅም ተርጉሞ አሳተመው። የሴቶች የሆነው ክፍት እውቀት ግን «የጓዳ ነገር» ተባለ። የጥናት ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ሰፊው ሜዳ ያለው እዚህ ነው።

አዲስ አበባ ስትመሠረት ይህ ሁሉ ወደ ከተማ ገባ። ትልቁ ገበያ መጀመሪያ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ጆርጂያዊው ሐኪም ሜራብ እ.ኤ.አ. በ1910 «የጆርጂያ ፋርማሲ» ብሎ መድኃኒት ቤት ከፈተ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በዚያው ዘመን አገልግሎት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ «መድኃኒት ቤት» የሚለው ስም ለብልቃጥና ለእንክብል ሱቅ ተሰጠ። ፌጦ የምትሸጠዋ ሴት «ቅመም ሻጭ» ሆና ቀረች። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ወራሪው ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ባወጣው ዕቅድ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነቅሎ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ተዛወረ። የቅመምና የመድኃኒት ተራው ለተክለ ሃይማኖት ጎረቤት የሆነው በዚህ አሳዛኝ መንገድ ነው። ሆስፒታሉና የሕክምና ትምህርቱ ደግሞ በኋላ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ፤ የጥያቄያችን ሌላው ግማሽ ያለው እዚያ ነው። በቅርብ ዓመታት የውሃ ፌጦ በዓለም ዙሪያ እንደገና ገናና ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት አትክልቶች በንጥረ ነገር ይዘታቸው ሲመዘኑ፣ የውሃ ፌጦ ከመቶ መቶ አግኝቶ አንደኛ ወጥቷል። ዜናው እኛም ዘንድ ደርሶ «በወንዛችን ዳር የሚበቅለውን ለምን አንበላም?» የሚሉ ወጣቶች ገጥመውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከቅጠሉ ሳይሆን ከወንዙ ይነሳል።

የጉበት ትል የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከከብትና ከበግ ኩስ ጋር ወደ ውሃ ይገባል። በትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ በውሃ ዳር ቅጠሎች ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ያንን ቅጠል ጥሬውን የበላ ከብትም ሰውም ይያዛል። በአውሮፓ በሰው ላይ ከታየው የጉበት ትል ብዙው የመጣው ከዱር የውሃ ፌጦ ነው። በአገራችን ይህ ትል የከብትና የበግ የታወቀ ችግር መሆኑን የቄራ ሐኪሞች በየቀኑ ያያሉ። ከብት የሚጠጣበት የደጋ ጅረት ለውሃ ፌጦም፣ ለቀንድ አውጣውም፣ ለትሉም ተስማሚ ቤት ነው። ቅጠሉን ማብሰል ትሉን ይገድለዋል፤ ኢንዛይሙንም አብሮ ይገድለዋል። እርጥቡን ቅጠል ጥሬ መብላት ለመድኃኒትነቱ ይሻላል፤ ለጉበት ግን ይከፋል። ደረቁ ዘር ከዚህ ወጥመድ ነጻ ነው፤ ከማሳ ታጭዶ በፀሐይ የደረቀ ነውና።

የከተማችን ወንዞች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የመጸዳጃውን፣ የቆዳ ፋብሪካውንና የጋራዡን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ የሚገኙ ብረታ ብረቶችን መርምሮ የጤና ጉዳታቸውን አንስቷል። በውሃ ውስጥ ሥሩን ዘርግቶ የሚኖር ተክል ውሃው የያዘውን መያዙ አይቀርም። ስለዚህ በከተማዋ ወንዝ ዳር የበቀለን ማንኛውንም የዱር ቅጠል ለመድኃኒት መልቀም አይገባም፤ ይህን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው። ለንደንም በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ይህን ፈተና አይታለች፤ በፍሳሽ ውሃ የበቀለ የውሃ ፌጦ በታይፎይድ ተጠርጥሮ ነበር።

ቀንድ አውጣውን ካነሳሁ አይቀር፣ የጅረትና የመድኃኒት ተክል ታሪካችን ያለ አክሊሉ ለማ አይሟላም። ፕሮፌሰር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው የቢልሃርዝያ ምርምራቸውን የጀመሩት። ያም ግኝት የተገኘው ከሴቶች የዕለት ሥራ ነው። ልዩነቱ ተመራማሪው ቆም ብሎ ማየቱ ነው። በፌጦም ላይ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚካሄዱ የላብራቶሪ ጥናቶች አሉ፤ ዘሩ በባክቴሪያ፣ በደም ስኳርና በደም ግፊት ላይ ያለው ውጤት በቤተ ሙከራና በእንስሳት ይፈተሻል። ከእነዚህ ወደ ሰው መድኃኒት ያለው መንገድ ረጅም ነው። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴቶች ፌጦን በመድኃኒት መጠን እንዳይወስዱ ይመከራል፤ የእንቅርት ችግር ያለበት ሰውም የዚህን ቤተሰብ ተክሎች ማብዛት የለበትም፣ አዮዲንን ይሻማሉና።

ስለ ባለቤትነት አንድ ነገር ልጨምር። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ማኅበረሰብ በእውቀቱ ላይ መብት እንዳለው በሕግ ታወቀ። ሕጉ በጎ ነው። ነገር ግን የፌጦ እውቀት የየትኛው ማኅበረሰብ ነው? የትግራይ፣ የጎጃም፣ የሸዋ፣ የአርሲ እናቶች ሁሉ አላቸው። ማንም ያልደበቀውን ማን ይጠብቀዋል? በጤፍ ላይ በኔዘርላንድስ የተወሰደው የባለቤትነት መብት በፍርድ ቤት እስኪሻር ስንት ዓመት እንደፈጀ ታስታውሳላችሁ። ክፍት እውቀትን የሚከላከለው ቀደም ብሎ በጽሑፍ መገኘቱ ነው፤ ስለዚህ አያቶቻችሁ ፌጦን እንዴት እንደሚያዘጋጁ መዝግባችሁ ማስቀመጥ ከናፍቆት ያለፈ ሥራ ነው።

ይህን የምለው በጥድፊያ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ማሳው ላይ ነው። ፌጦ በብዙ ቦታ ለብቻው ሰፊ መሬት አይሰጠውም። በጤፍና በተልባ ማሳ ውስጥ ተቀላቅሎ ወይም በዳር በዳሩ ይዘራል። ጤፍ የሣር ወገን ነው፤ ፌጦ ባለ ሰፊ ቅጠል ነው። በጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ የተባለው ፀረ አረም ደግሞ ሣሩን ትቶ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን ለመግደል የተሠራ ነው። ለኬሚካሉ አረምና ፌጦ አንድ ናቸው። ገበሬው የአረም ጉልበት ስለሚያሳጥርለት ይረጫል፤ ልንፈርድበት አንችልም። ፌጦው ግን ከጤፉ መካከል ይጠፋል፤ በመርካቶ የሚሸጠውም ለብቻው ከተዘራ ማሳ ወይም ከሩቅ አገር የሚመጣ እየሆነ ይሄዳል።